ያልተሰበከ ተልእኮ፦ ኢየሱሳውያን መምህራንና የካቶሊክ ትምህርት ቤት እሴቶች በኢትዮጵያ ታሪክ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ሌክቸር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ በአገራችን የማንኛውንም ትምህርት ቤት በር አልፎ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ሦስት ርእሶች የተጻፉበትን ሰሌዳ ነው፤ ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ይሁን የግል ወይም የሃይማኖት ተቋም፣ በሰሌዳው ላይ የሚነበቡት ቃላት እጅግ ይቀራረባሉ፤ ጥራት፣ ታማኝነት፣ መከባበር፣ አገልግሎት። ቃላቱን የሚነቅፍ የለም። የታሪክ ሰው ግን አንድ ተቋም ስለ ራሱ የጻፈውን ሲያነብ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ይህ ቃል ዋጋ በሚያስከፍልበት ጊዜ ተቋሙ ምን አደረገ?

ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዤ የምመለከተው የካቶሊክ ትምህርት ቤትን ተልእኮና እሴቶች ነው። የማነሣው ዋና ምሳሌ አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። በስም የታወቀ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትቼ፣ በሕግም በስምም የካቶሊክ ያልነበረ የመንግሥት ትምህርት ቤት መርጫለሁ፤ እርሱም ከ1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ በተለምዶ ጄስዊት የምንላቸው መነኮሳት፣ ያስተዳደሩት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። እነዚህ መምህራን ወደ አገራችን ሲገቡ እንዳይሰብኩና በልብሰ ክህነት እንዳይታዩ ተጠይቀው፣ ያንን ተቀብለው ነው ሥራ የጀመሩት። ከአንድ የካቶሊክ መምህር ላይ ስብከቱንና ልብሱን ስናነሣ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? የሚቀር ነገር ካለ፣ የተልእኮው እምብርት እርሱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ንግግሬ መከራከሪያም ይኸው ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየኋቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

1. የመጀመሪያው ትውስታ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢየሱሳውያንን የጋበዙት ስማቸው በኢትዮጵያ ታሪክ መልካም ትዝታ ስለ ነበረው አልነበረም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነበር። ስለዚህ የ1945ቱን ውል ለመረዳት አራት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል።

የኢየሱስ ማኅበር በ1540 በሮም ጳጳስ ሲጸድቅ መሥራቹ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ትምህርት ቤት የመክፈት እቅድ ይዘው አልተነሡም። ማኅበሩ ግን በ1548 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ለዓለማውያን ልጆች የሚሆን ኮሌጅ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ዋና መታወቂያው ሆነ። በ1599 የወጣው የማኅበሩ የትምህርት ሥርዓት መምህሩ ንባቡን አስቀድሞ እንዲያብራራ፣ ተማሪው የሰማውን እንዲደግምና በመጨረሻም ከጓደኛው ጋር እንዲከራከር ያዝዛል። ይህ ሥርዓት በአውሮፓ ብዙ ኮሌጆች ውስጥ ለረጅም ዘመን ሠርቷል።

ኢግናጥዮስ ኢትዮጵያን በልባቸው ይዘዋት ነበር። በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ለተሾሙት ለዦአዎ ኑኔዝ ባሬቶም የሥራ መመሪያ ሰጡ። ዓላማው ኢትዮጵያን ከሮም መንበር ጋር አንድ ማድረግ እንደ ነበረ መሸሸግ አይቻልም። በመመሪያው ውስጥ ግን የታሪክን ሰው ቆም የሚያደርግ ምክር አለ። ሥራው በየዋህነትና ቀስ በቀስ እንዲሄድ፣ የሕዝቡ ልማድ በአንድ ጊዜ በጉልበት እንዳይነቀል፣ ለልጆች ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ፣ ለድኾችና ለሕሙማን የምሕረት ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያዩ በሕንድ አገር ቀሩ፤ በ1557 የገቡት አንድሬ ደ ኦቪየዶ ናቸው። ዐፄ ገላውዴዎስም በቀረበላቸው ሐሳብ አልተስማሙም፤ ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ምግብ ልማድ የአገራቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋም የሚያስረዳ የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው በክርክር መለሱ። የመጀመሪያው ግንኙነት፣ መራራም ቢሆን፣ የብዕር ግንኙነት ነበር ማለት ነው።

ምክሩን በተግባር ከተረጎሙት መካከል ቀዳሚው በ1603 የገቡት ፔድሮ ፓኤዝ ይመስሉኛል። ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተማሩ፤ በትግራይ በፍሬሞና ልጆችን አስተማሩ። የንጉሡን ትኩረት የሳበው ደግሞ የተማሪዎቻቸው ነገር ነው፤ በዐፄ ዘድንግል ፊት ልጆቹ የተማሩትን በጥያቄና መልስ ሲያቀርቡ ቤተ መንግሥቱ ተደነቀ። ፓኤዝ በ1622 ሲሞቱ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበራቸውም። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ ካህናት እንደ ገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ ጾሙና የዘመን አቆጣጠሩ እንዲለወጥ ታዘዘ። መምህር ያስረዳ የነበረውን አዋጅ ያዝ ጀመር። አገሪቱ በዐመፅ ተናወጠች፤ በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ የላስታ ሰዎች አለቁ። ድል ያደረጉት ሱስንዮስ ራሳቸው በሬሳው ብዛት አዝነው የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ተባረሩ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። የኢየሱሳውያኑ የመጀመሪያ ተልእኮ የወደቀው የሚያስተምረው አጥቶ አይደለም። የወደቀው ማስተማሩን ትቶ ማዘዝ በጀመረበት ጊዜ ነው። ፍሬሞና ላይ የጠየቀና የመለሰ ልጅ ነበረ፤ በ1626 መሐላ ላይ ግን ጥያቄ የሚጠይቅበት ቦታ ያለው ሰው አልነበረም።

2. በሐረር የተገኘው እምነት

ከዚያ በኋላ በመካከለኛው ኢትዮጵያ «ፈረንጅ» እና «ካቶሊክ» የሚሉት ቃላት የጥርጣሬ ቃላት ሆነው ለሁለት መቶ ዓመታት ቆዩ። በ1839 የመጡት የላዛሪስት ማኅበር አባል ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ አገሬው አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ መንገዱን የለወጡ ሰው ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ኖሩ፣ በኢትዮጵያ ሥርዓት የሚቀድሱ ኢትዮጵያውያን ካህናት አፈሩ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የሆኑት ሊቁ አባ ገብረ ሚካኤል በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በ1855 ዐረፉ። በምሥራቅ ደግሞ የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት በሐረር ትምህርት ቤት ነበራቸው።

ይህ የሐረር ትምህርት ቤት ለርእሳችን ቁልፍ ነው። ራስ መኮንን ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲማሩ በፈለጉ ጊዜ በዚሁ ሚስዮን የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን አስተማሪያቸው ሆኑ፤ ነገሩን ያደላደሉትም የሐረሩ ካቶሊካዊ ጳጳስ ሞንሰኞር እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው። ተፈሪ በኦርቶዶክስ እምነታቸው ጸንተው እያደጉ ከካቶሊክ መምህር ተማሩ። በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥሞ ራሳቸው ለጥቂት ሲተርፉ፣ አባ ሳሙኤል በዚያው አደጋ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው መምህራቸውን በፍቅርና በአክብሮት አንሥተዋቸዋል።

እንግዲህ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ አእምሮ ውስጥ ሁለት ትዝታዎች ጎን ለጎን ነበሩ ብዬ እገምታለሁ። አንደኛው የሱስንዮስ ዘመን እልቂት ነው፤ ይህ የመንግሥት ትዝታ ነው። ሁለተኛው እምነቱን ሳይነካበት ልጁን ያስተማረ መምህር ነው፤ ይህ የግል ትዝታ ነው። በ1945 የተደረገው ውል ሁለቱን የሚያስታርቅ ነበር፤ መምህሩ ይግባ፣ ሰባኪው ይቅር።

3. ውሉ

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ከእርሱ በፊት በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነበረ፤ በዚያ ያስተምሩ የነበሩት ግብፃውያን ኮፕቶች ነበሩ፤ ይህም ዘመናዊ ትምህርትን የፈሩትን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለማረጋጋት የተደረገ ጥበብ ነው። ተፈሪ መኮንን ከዚያ ፈቀቅ ብሎ፣ ፈረንሳይኛን ዋና አድርጎ፣ አገሪቱ የሚያስፈልጓትን ባለሙያዎች ለማፍራት ተነሣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኃላፊነት ካገለገሉት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ።

ከዚያ የፋሺስት ወረራ መጣ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ሳምንታት የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ያገኙት የሰው ኃይሏ የተጨፈጨፈ አገር ነው። መምህር በአስቸኳይ ያስፈልግ ነበር፤ ግን ከየት? ጣሊያን አይታሰብም። እንግሊዝ በጊዜው በአስተዳደሩና በጦሩ ላይ ያላት ተጽዕኖ ራሱ የሚያሳስብ ነበር። ፈረንሳይ በጎረቤት ቅኝ ገዢ ነበረች። የካናዳ ኢየሱሳውያን ግን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ከሌላት አገር የመጡ፣ በመምህርነት ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ምርጫው ፖለቲካዊ ብልኃት የተሞላበት ነበር።

የሕጉንም መንፈስ ማስታወስ ይገባል። በ1944 ስለ ሚስዮኖች የወጣው ደንብ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባሉት ስፍራዎች ሚስዮኖች ሕክምና መስጠትና ማስተማር እንጂ ሃይማኖታቸውን መስበክ አይፈቀድላቸውም። ተፈሪ መኮንን የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ሆነ የኢየሱሳውያኑ ሁኔታ ከዚህም የጠበቀ ነበር። በሉሲየን ማት የሚመሩት ጥቂት ኢየሱሳውያን በ1945 መጡ፤ እንደ ማንኛውም የመንግሥት መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ወደ ክፍል ገቡ።

ይህን ውል አንድ መነኩሴ እንዴት ሊቀበለው ቻለ? ቀላሉ መልስ «በር ለመክፈት ያህል ነው» የሚል ነው፤ ይኸውም ዛሬ ዝም ብለን ነገ እንሰብካለን የሚል ስሌት። በኢትዮጵያ ይህን የጠረጠሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ያለ ምክንያትም አልጠረጠሩም። የታሪኩ ሂደት ግን ጥርጣሬውን አላረጋገጠም። ማኅበሩ በተፈሪ መኮንንና በኋላም በኮሌጁ ባገለገለባቸው ዓመታት የታወቀው ባፈራቸው ተማሪዎች እንጂ ባስገባቸው ምእመናን አይደለም። ስለዚህ ሌላ መልስ መፈለግ አለብን። እኔ የማገኘው መልስ ከራሱ ከማኅበሩ ልማድ ውስጥ ነው። በ1548 መሲና ላይ የተጀመረው ሥራ ሰውን በሙሉ ማስተማር፣ አእምሮን ማሠልጠን፣ ፍርድ አዋቂ ማድረግ በራሱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው የሚል እምነት ነበረው። ለዚህ እምነት የሒሳብ ሰዓት ከትምህርተ ሃይማኖት ሰዓት የሚያንስ አይደለም።

4. የቀረው ነገር

ስብከቱና ልብሱ ከተነሡ በኋላ የቀረው፣ እንግዲህ፣ የማስተማር ዘዴና የመምህሩ ሕይወት ነው። ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛው ድግግሞሽና ክርክር ነው። ይህን ስንሰማ እንግዳ ነገር አይሁንብን። የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ በመምህሩ ፊት ነግሮ፣ ሲታረምና ሲነቀፍ ያደገ ነው። የመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙር ትርጓሜውን ከቃል በቃል ቀጽሎ፣ «አንድም» እያለ አማራጭ ፍቺ እየደረደረ ይማራል። ከፍሬሞና የመጣው የጥያቄና መልስ ዘዴና የየኔታ ጉባኤ በርእሳቸው ይለያዩ እንጂ በጠባያቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ተማሪው አፍ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ ዘመናዊው ክፍል የተሻገረ ልጅ ሙግትን እንደ ትምህርት መንገድ አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በኢየሱሳውያን ወግ መምህሩ ክፍሉን ብቻ ማወቅ አይበቃውም፤ የልጁን ጠባይ፣ ችሎታና ችግር ለይቶ ማወቅ አለበት። ተፈሪ መኮንን አዳሪ ትምህርት ቤት መሆኑ ለዚህ ይረዳ ነበር፤ ከክፍል ውጪ ያለው ሰዓት፣ የማዕድ ሰዓት፣ የስፖርት ሜዳው ሁሉ የትምህርቱ አካል ነበር።

ሦስተኛው መነኩሴ መምህር ለትዳርና ለሀብት ሳይሆን ለተማሪዎቹ የሚኖር መሆኑ ነው። ይህ በቃል የማይነገር ትምህርት ነው። ተማሪው ይህ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚኖር ሊጠይቅም ላይጠይቅም ይችላል፤ ግን ያየዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱን የመጀመሪያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን፣ እንዲያቋቁሙ የመረጡት ይህንኑ ማትን ነበር። ዛሬ እኔና እናንተ የምንሠራበት የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኮሌጁ የተለያየ አገርና እምነት ያላቸውን መምህራን ሰብስቦ ሠራ፤ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች አስመረቀ።

5. ዋጋውና ወቀሳው

እስካሁን የተናገርሁት ምስጋና ብቻ ሆኖ ከቀረ ንግግሬ ታሪክ መሆኑ ይቀራል። ሦስት ወቀሳዎችን በግልጽ ማንሣት ግዴታዬ ነው።

የመጀመሪያው፣ ዝምታው ለማን ጠቀመ የሚለው ነው። ስለ ሃይማኖት ላለመናገር የተስማማ መምህር ስለ ፍትሕስ መናገር ችሎ ነበርን? ኢየሱሳውያኑ የተጋበዙት በንጉሡ ነው፤ የሠሩትም በንጉሡ ፈቃድ ነው። ስለ መሬት ሥሪቱ፣ ስለ ገባሩ ኑሮ፣ ስለ ፍጹማዊው አገዛዝ በይፋ ሊናገሩ የሚችሉበት ቦታ አልነበራቸውም። የወንጌልን ስም ላለመጥራት የተደረገው ስምምነት የድኻውንም ስም ላለመጥራት ወደሚደረግ ስምምነት ለመሻገር ቅርብ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋና የሥር ጥያቄ ነው። የከፍተኛ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ መጻሕፍቱም ከውጭ የመጡ ነበሩ። ግእዝ፣ ቅኔ፣ የአገር ታሪክ ከዳር ቆሙ። ቀደም ሲል የጠቀስሁት የየኔታ ጉባኤና የኮሌጁ ክፍል ዝምድና በዘዴ የቀረ እንጂ ወደ ይዘት የተሻገረ አልነበረም። የዚህ መለያየት ቁስል እስከ ዛሬ በሥርዓተ ትምህርታችን ላይ ይታያል።

ሦስተኛው ማን ገባ፣ ማን ቀረ የሚለው ነው። ተፈሪ መኮንን የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር። ለልጃገረዶች በ1931 የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ነገር ግን ወደ ኮሌጁ የደረሱት ሴቶች ቁጥር ለረጅም ጊዜ አነስተኛ ነበር። የገበሬውም ልጅ፣ ዕድል ቀንቶት ካልሆነ በቀር፣ ከበሩ አልደረሰም።

እነዚህ ወቀሳዎች እውነት ናቸው። ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያበቃም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ወቀሳ ከሁሉ በላይ ያነሡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኮሌጁ ግቢ ክርክር ይካሄድ፣ የተማሪ ጋዜጣ ይታተም፣ በኮሌጅ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ይነበብ ነበር። ከ1958 ወዲህ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች የነፃነት ትግሉን ወሬ ይዘው ገቡ። ግጥሞቹ ከውዳሴ ወደ ድኻው እሮሮ ተሸጋገሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለግቢነት ሲሰጡ፣ የከፍተኛ ትምህርቱ መሪነት ከኢየሱሳውያኑ እጅ ወጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥሪ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተሰማ።

ይህ ለኢየሱሳውያኑ ውድቀት ነው ወይስ ፍሬ? ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በኋላ የማርክስን ትምህርት ተከተሉ፤ ከመምህራኖቻቸው እምነት ይልቅ ፍጹም ተቃራኒውን መረጡ። በሱስንዮስ ዘመን መለኪያ ቢለካ ውድቀት ነው። እኔ ግን እንዲህ እመለከተዋለሁ፤ ተማሪ መጠየቅን ተምሮ፣ የመጀመሪያ ጥያቄውን ለመምህሩና ለመምህሩ ጋባዥ ሲያቀርብ፣ ትምህርቱ እውነተኛ እንደ ነበረ ምስክር ነው። በ1626 የተማሉት መኳንንት ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው መሐላቸውን ተዉት። በ1950ዎቹ ክርክርን የተማሩት ወጣቶች ግን መከራከርን ዕድሜ ልካቸውን አልተዉም። ይህ ትውልድ በኋላ እርስ በርሱ ሲከራከር ክርክሩን ትቶ ወደ ጠመንጃ መሄዱ የአገራችን ትልቅ ኀዘን ነው፤ ያን ኀዘን ግን በመምህራኑ ራስ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይሆንም።

6. ዛሬስ?

የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ በጥቅምት 1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ልዩ ጠባይ በነፃነትና በፍቅር መንፈስ የተሞላ ማኅበረሰብ መፍጠር መሆኑን አስፍሯል። ካቶሊክ ያልሆኑ ተማሪዎችም የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ቤተ ክርስቲያን በተለየ ፍቅር እንደምትመለከት ገልጿል፤ የድኾችን ልጆች ማስቀደምንም አደራ ብሏል። እነዚህን አንቀጾች ባነበብሁ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ሥራ በሮም በጽሑፍ የሰፈረ ይመስለኛል።

በኢትዮጵያ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች በአብዛኛው የኦርቶዶክስ፣ የእስልምናና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። የ1945ቱ ውል፣ በሌላ መልክ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር። እኔ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ሆኜ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሙስሊም ነበር። አንድ ዓመት የረመዳን ጾም ሲገባ የስፖርት መምህራችን፣ መነኩሴ ነበሩ፣ የሩጫ ሰዓታችንን ከከሰዓት ወደ ማለዳ አዛወሩት። ምክንያቱን አልነገሩንም። በዐቢይ ጾምም እንዲሁ አደረጉ፤ ያን ጊዜ የጾምሁት እኔ ነበርሁ። የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፉትን እሴቶች ዛሬ አንዱንም አላስታውስም፤ ያቺን የሰዓት ለውጥ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እንግዲህ የካቶሊክ ትምህርት ቤትን፣ እንዲያውም ማንኛውንም ተልእኮ አለኝ የሚል ትምህርት ቤት፣ በሦስት ጥያቄዎች እንድንመዝነው ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስቱም ካየነው ታሪክ የተገኙ ናቸው።

አንደኛ፣ እምነቱን የማይጋራውን ልጅ እንዴት ያስተምራል? ፍሬሞናንና የ1626ቱን መሐላ የለየው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የሚከፍል ያጣው ልጅ በበሩ ይገባልን? የትምህርት ክፍያ በየዓመቱ በሚጨምርበት በዚህ ዘመን፣ «አገልግሎት» የሚለው ቃል ሰሌዳው ላይ እያለ የድኻ ልጅ ከደጅ ከቀረ፣ ትምህርት ቤቱ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። የተፈሪ መኮንን ሦስተኛ ወቀሳ በዛሬዎቹ ላይ በእጥፍ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ራሱን ትምህርት ቤቱን ሲጠይቅ ምን ይደረግበታል? መልሱ ዝምታ ወይም ቅጣት ከሆነ ያ ትምህርት ቤት ያሠለጥን ይሆናል እንጂ አያስተምርም።

እነዚህ ጥያቄዎች ለካቶሊኮች ብቻ የቀረቡ አይደሉም። እኛም በዚህ ግቢ ራእይ፣ ተልእኮና እሴቶች የሚል ሰሌዳ አለን። ሰሌዳውን የሠሩት እጆች ቅን መሆናቸውን አልጠራጠርም። ግን አራት መቶ ዓመት የፈጀው ይህ ታሪክ የሚነግረን፣ የትምህርት ቤት ተልእኮ የሚታወቀው በኃይል ለማድረግ እየቻለ ባልተደረገው ነገርና፣ ማንም ሳያዝዝ በተደረገው ትንሽ ነገር መሆኑን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ መምህራን ትሆናላችሁ። የምትሄዱበት ትምህርት ቤት ተልእኮውን አስቀድሞ ጽፎ ይጠብቃችኋል። አንብቡት፤ ከዚያም ክፍል ግቡና ከፊታችሁ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ ጾመኛ መሆን አለመሆኑን እወቁ።